የነገን ቀን በትናንት መለካት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ ወቀሳ ይበዛበታል፤ በማለዳ ተነሱ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ አትስነፉ ይባላል። እኔ ዛሬ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። ቀኑን ሙሉ ስትሯሯጡ ውላችሁ ማታ «ዛሬም ምንም ሳልሠራ መሸ» እያላችሁ የምትተኙ ከሆነ፣ ጠዋት ያወጣችሁት ዕቅድ ከመጀመሪያውም ሊሆን የማይችል ነበር ይሆናል። የምንነጋገረው ስለዚያ ዕቅድ ነው።

ለምሳሌ አንዲት እናት እናስብ። ቤቷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ። እሁድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሰኞን ነገር ታሰላስላለች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሳለች፣ ቁርስ ታበላለች፣ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ትገባለች። በምሳ ሰዓት ባንክ ደርሳ ጊዜው ያለፈበትን የኤቲኤም ካርዷን ትቀይራለች። ማታ ስትመለስ አትክልት ትገዛለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ የልጆቹን የቤት ሥራ ታያለች፤ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ለጀመረችው የማታ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ታነባለች። በሐሳብ ሲሆን ሁሉም ልክ ይገባል። ትርፍ ደቂቃም ያለ ይመስላል።

ሰኞ ደረሰ። የታክሲው ሰልፍ እንደወትሮው ተጠማዞ ጠበቃት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህሯ «አንድ ደቂቃ» ብላ ስለ ትንሹ ልጅ ሳል አነጋገረቻት። ባንክ ቤት ወረፋ ይዛ ከቆመች በኋላ «ሲስተም የለም» ተባለ። ከሥራ ልትወጣ ስትል አለቃዋ «ይቺን ብቻ ጨርሰሽልኝ ሂጂ» አሏት። ቤት ስትገባ መብራት የለም፤ ሊጡ ከሚገባው በላይ ኮምጥጧል፣ ምጣዱ ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤት ለቅሶ አለ፤ ሳይደርሱ መቅረት አይቻልም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጋደም ስትል ካርዱም አልተቀየረም፣ እንጀራውም አልተጋገረም፣ መጽሐፉም አልተከፈተም። ድካሙ ሳያንስ ራሷን መውቀስ ትጀምራለች።

አሁን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። በዚያ ሰኞ ከደረሰባት ሁሉ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ የሚባለው የትኛው ነው? ሰልፉ ሰኞ ሰኞ አለ። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። መብራትም ባለፈው ሳምንት ጠፍቶ ነበር። አለቃዋም ሰው ሊወጣ ሲል ሥራ ማምጣት ልማዳቸው ነው። ምናልባት ለቅሶው፤ እሱም ቢሆን ቀኑ አይታወቅ እንጂ በሰፈርና በእድር የሚኖር ሰው በየወሩ አንድ ሁለቴ ድንኳን ውስጥ መቀመጡ አይቀርም። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እሁድ ማታ ስታቅድ ግን አንዳቸውንም አልቆጠረቻቸውም።

ይህ የእሷ ወይም የእኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚሁ ጽፈዋል። ሰው አንድን ሥራ ለመጨረስ የሚወስድበትን ጊዜ ሲገምት፣ ተመሳሳይ ሥራዎች ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደፈጁ እያወቀ እንኳ፣ ግምቱን አሳጥሮ ያስቀምጣል። ካህነማን ኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው፤ ከእሱ ታሪኮች አንዱን ግን ከሽልማቱ ይበልጥ እወደዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በእስራኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። ካህነማን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ውሳኔ አሰጣጥ የሚያስተምር መጽሐፍ እንዲዘጋጅ የአገሪቱን ትምህርት ሚኒስቴር አሳምኖ አንድ ቡድን አሰባሰበ። መምህራን አሉበት፣ የእሱ ተማሪዎች አሉበት፣ በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የታወቀው ሲይሞር ፎክስም አለበት። አርብ አርብ እየተገናኙ አንድ ዓመት ያህል ሠሩ፤ ሥራው ጥሩ ይሄድላቸው ነበር። አንድ ቀን ካህነማን «መጽሐፉ በስንት ጊዜ ያልቃል? ሁላችሁም ሳትመካከሩ በወረቀት ጻፉ» አላቸው። መልሱ ሲሰበሰብ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ፎክስም እንደዚያው ነው የጻፈው።

ከዚያ ካህነማን ወደ ፎክስ ዞሮ ሌላ ጥያቄ ጠየቀው። እንደ እኛ ያለ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖችን ታውቃለህ፤ እነሱስ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? ፎክስ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ከመቶ አርባ የሚሆኑት ጨርሶ እንዳላጠናቀቁ፣ የጨረሱትም ከሰባት ዓመት ያነሰ እንዳልፈጀባቸው፣ ከአሥር ዓመት ግን እንደማይበልጥ ተናገረ። የእነሱ ቡድንስ ከሌሎቹ ይሻላል ወይ ሲባል፣ እንዲያውም ትንሽ እንደሚያንስ መለሰ። እውቀቱ ሁሉ ራሱ ውስጥ ነበር፤ ግን የራሱን ሥራ ሲገምት አላስታወሰውም። ቡድኑም ይህን ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ። መጽሐፉ ያለቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሩ ፍላጎቱ ቀዝቅዞ ስለነበር መጽሐፉ ተማሪ እጅ ሳይገባ ቀረ።

ስለ ግምት የሚያጠኑ ምሁራን ራሳቸው እንዲህ ከሳቱ፣ ያቺ እናት እሁድ ማታ ብትስት ምን ይደንቃል?

ሌላ ጥናት ላክልላችሁ፤ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ያላችሁ ተማሪዎች ጆሮ ስጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ብዩለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። አማካዩ ግምት 34 ቀን ገደማ ነበር። «ነገር ሁሉ ቢበላሽስ?» ተብለው ደግሞ ተጠየቁ፤ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። መጥፎውን ሁሉ አስበው የሰጡት ግምት ራሱ አልበቃም። ባሉት ቀን የጨረሱት ከአሥር ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት ነገር እኛንም ይነካናል። ሰው ሲያቅድ የሚታየው ሥራው ነው፤ እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚቀጥል፣ እንዴት እንደሚያልቅ እንደ ፊልም ይታየዋል። በፊልሙ ውስጥ መብራት አይጠፋም፣ ልጅ አይታመምም። ያለፈውን መዘግየት ቢያስታውስም «ያን ቀን እኮ ዝናብ ስለጣለ ነው»፣ «ያኔ እኮ እንግዳ መጥቶብኝ ነው» ብሎ እንደ ልዩ አጋጣሚ ያልፈዋል። ልዩ አጋጣሚው ግን በየሳምንቱ አለ። የሚገርመው ስለ ሌላ ሰው ሲሆን እንዲህ አንሳሳትም። የአክስታችን ልጅ «በአሥራ አምስት ደቂቃ እደርሳለሁ» ሲለን አንድ ሰዓት ጨምረን እንጠብቀዋለን፤ ያለፈ ታሪኩን እናውቃለና። ያንኑ ሚዛን በራሳችን ላይ መጠቀም ነው የሚያስፈልገን።

ይህ ከጭንቀት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሰውነታችን አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ሆርሞኖች ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለአጭር ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው፤ ከሚመጣ መኪና ያስመልጣል። ሰውነት ግን ከመኪና መሸሽንና ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ሰዓት እያዩ መብከንከንን ለይቶ አያውቅም። የማይሆን ዕቅድ ያወጣ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ዘግይቷል፤ ቀኑን ሙሉም እንደዘገየ ይውላል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም እንቅልፍ ይረበሻል፣ የደም ግፊት ይነካል፣ ቤተሰብ ላይ መነጫነጭ ይመጣል። ልጆቻችን የዚህን ዋጋ ከእኛ እኩል ይከፍላሉ። ስለዚህ ዕቅድን ማስተካከል የጤና ጉዳይም ነው እላለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ ጽፎ ማየት ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ደብተር ወይም ስልክ ላይ ምን ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ መዝግቡ። ለማንም የሚቀርብ ሪፖርት ስላልሆነ ለማሳመር አትሞክሩ። መንገዱን ስትለኩ ከቤት በር እስከ ቢሮ በር ለኩ። ብዙዎቻችን «ከመገናኛ ሜክሲኮ ግማሽ ሰዓት ነው» የምንለው ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለውን ነው፤ ከቤት እስከ ታክሲ ተራ የምንሄደውን፣ ሰልፉን፣ ታክሲው እስኪሞላ የምንጠብቀውን፣ ከወረድን በኋላ የምንሄደውን አንቆጥረውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ይጨምራል፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ መምጣቱን የማያውቅ የለም፣ በሐምሌ ግን በመጋቢት ግምት እንወጣለን። ከሳምንት በኋላ ደብተራችሁን ስታዩ ምናልባት አንድ ሰዓት ይፈጃል ያላችሁት ጉዞ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ያ ቁጥር ይከፋ ይሆናል፤ ግን የእናንተ እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ከእሱ ጋር ነው መኖር የሚቻለው።

ሁለተኛው ነገር ሥራን በዝርዝር መቁጠር ነው። ጀስቲን ክሩገርና ማት ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ሥራውን ወደ ትናንሽ ክፍሎቹ ዘርዝረው ሲገምቱ ግምታቸው እንደሚረዝምና ወደ እውነታው እንደሚጠጋ አሳይተዋል። «ባንክ ሄጄ ካርድ መቀየር» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። ዘርዝሩት፤ ከቢሮ ወጥቶ መሄድ፣ በር ላይ መፈተሽ፣ ፎርም መሙላት፣ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ካለው መጠበቅ፣ ወረፋ፣ ሠራተኛዋ ምሳ ከወጣች መጠበቅ፣ መፈረም፣ መመለስ። አሁን ይህ በአንድ የምሳ ሰዓት ያልቃል ትላላችሁ? እኔ አልልም። የመሥሪያ ቤትና የባንክ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ መመላለስን ከመጀመሪያው ታሳቢ ማድረግ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ካለቀ ምርቃት ነው፤ ካላለቀ ግን አያናድድም፣ ምክንያቱም አስበንበታል።

ወደዚያች እናት እንመለስና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቀኑ 24 ሰዓት ነው። ሰባቱን ትተኛለች፤ ከዚያ በታች መቀነስ አይመከርም። ሥራ ከምሳ ሰዓቱ ጋር ዘጠኝ ሰዓት። መንገድ፣ ደርሶ መልስ፣ ልጆቹን ማድረስ ተጨምሮበት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። የቀራት አራት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ውስጥ ምግብ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መታጠብ፣ ልጆችን ማብላትና ማስጠናት፣ ጸሎት፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካን መሙላት አለ። የማታ ትምህርቱና ገበያው፣ ዘመድ መጠየቁና ስፖርቱ የሚገቡት ከዚያ በሚተርፈው ነው። የሚተርፈው በደህናው ቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እሷ ግን በየቀኑ ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጅ ነገር ትጭንበታለች፤ ትርፍ እንደጫነ ሚኒባስ። ጎበዝ ብትሆንም፣ በማለዳ ብትነሳም ይህ ሒሳብ አይለወጥም።

ስለዚህ የምርጫ ጉዳይ ይመጣል፤ ከባዱም ይሄ ነው። ለአንድ ቀን ከመደበኛው ሥራ ውጭ አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት፣ ምረጡ። የቀሩትን ቀን ስጧቸው። እንጀራ ቅዳሜ፣ ባንክ ረቡዕ፣ ንባብ ማክሰኞና አርብ ማታ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ። አንዳንዱን ደግሞ ለዚህ ዓመት አይሆንም ብሎ መተው ያስፈልጋል። «ትቼዋለሁ» ማለት ያማል፤ ግን ሳይተዉ ሳይሠሩም እያንጠለጠሉ መኖር የበለጠ ያደክማል። ከኮምጣጣ ሊጥ ጋር ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ከመታገል አንድ ቀን እንጀራ ገዝቶ መብላትም ነውር ሊሆን አይገባም።

በቀኑ መካከል ባዶ ቦታም ይኑር። ማለቴ ምንም ያልታቀደበት ሰዓት። ብዙዎች ይህ ብክነት ይመስላቸዋል። ለቅሶ፣ የልጅ ትኩሳት፣ መብራት፣ ድንገተኛ እንግዳ፣ እነዚህ ሁሉ የሚገቡት እዚያ ነው። ካልመጡ ታርፉበታላችሁ። ሳምንታችሁ ውስጥ አንድ ምሽት፣ ለምሳሌ ሐሙስን፣ ባዶ ብትተዉት ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተንጠባጠበው ሁሉ ይሰበሰብበታል።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የጊዜ አጠቃቀም አስተማሪዎች ጋር አልስማማም። ቡና አፍልቶ ከጎረቤት ጋር መጠጣትን፣ ማኅበርን፣ ታማሚ መጠየቅን እንደ ጊዜ ሌባ የሚቆጥሩ አሉ። ቡናው ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ያቺ እናት ልጇ ሲታመም ሌሊት የምታንኳኳው የማንን በር ነው? በሥራ ቀን ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣላትስ ማን ናት? ቡናው ላይ የምትቀመጠው ጎረቤቷ ናት። ይልቅ በዕቅዱ ውስጥ በስሙ ይጻፍ፤ «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና» ተብሎ። ሲጻፍ ከልብ ይጠጣል፤ ሳይጻፍ ሲቀር እየተሳቀቁ ነው የሚጠጡት።

ይሉኝታ ግን ሌላ ነው። እየሠራን ሳለ «እባክህ ይቺን ነገር ተመልከትልኝ» ሲሉን፣ የማንችለውን ሠርግ «እንዴታ፣ እመጣለሁ» ስንል፣ የማንከፍለው እቁብ ውስጥ ስንገባ፣ እሺ ያልነው ሰውየው እንዳይከፋው ነው። ኋላ ሳናደርስ ስንቀር ግን ይከፋዋል፤ እኛም እስከዚያው ስንጨነቅ እንቆያለን። ከቤት ሳንወጣ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። የሚጠብቀው ሰው ካፌ ተቀምጦ ሁለተኛ ማኪያቶ ያዛል፣ እኛ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ልባችን ይመታል። በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ሞክሩት፤ «ገና አልወጣሁም፣ እስከ 11 ሰዓት አልደርስም፣ ሥራ ካለህ እየሠራህ ጠብቀኝ» በሉ። እምቢ ለማለት ለሚከብዳችሁም የጨዋ መንገድ አለ። «ዛሬ አልችልም፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን በደስታ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ታላቅ ዘመድ ከሆኑም «ጋሼ፣ ቃል ገብቼ ከማሳፍርዎት አስቀድሜ ልንገርዎት» ቢባሉ ያከብሩናል እንጂ አይቆጡም።

አሁን ለባሎች፣ ለወንድሞችና ለወንዶች ልጆች የምለው አለኝ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት በ2005 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሲካሄድ፣ ደመወዝ በማይከፈልበት የቤት ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች በጣም የበዛ ጊዜ እንደሚያጠፉ በቁጥር ታይቷል። ቤት ውስጥ ዓይን ላለው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለአንዲት ሴት «ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ» ብሎ መምከር፣ አራት ሰዓት ተኩሉ ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ከሆነ፣ ፍትሕ የለውም። ጀሪካን መሙላት፣ የልጅ ደብተር ማየት፣ ምሳ ዕቃ ማጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍ ጾታ የለውም። እሁድ ማታ ዕቅዱ ላይ አብራችሁ ተቀመጡና ማን ምን እንደሚሠራ በየስሙ ጻፉ። «እረዳሻለሁ» የሚለው አይበቃም፤ የሚረዳ ሰው እስኪታዘዝ ይጠብቃል። ሥራው የእሱ ሲሆን ግን ማሰቡም የእሱ ይሆናል።

ስለ ማታ አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃን ጠፍቶ ጋደም ስንል ያልተሠራው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል፤ ካርዱ፣ የልጁ ሳል፣ ያልተደወለለት ሰው። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ በርሊን ሆና እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ የተቋረጠውን የበለጠ እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የሚያጽናና ነገር አገኙ፤ አእምሮ እንዲያርፍ ሥራው የግድ ማለቅ የለበትም፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ካለው ይበቃዋል። በቴክሳስ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በ57 ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራም፣ ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት፣ የጨረሱትን ከጻፉት ይልቅ በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ቀድሞ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ራስጌ እስክሪብቶና ወረቀት አኑሩ። «ካርድ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከቢሮ አስፈቅጄ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ስልኩን ያነሳ ሰው ቲክቶክ ላይ ያድራል።

በውጭ አገር ሆናችሁ የምታዳምጡን አላችሁ። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ከአዲስ አበባ ጋር ያላችሁ ልዩነት በበጋችሁ ሰባት፣ በክረምታችሁ ስምንት ሰዓት ነው። እናት «ለምን አልደወልክም» ሲሉ እናንተ ፈረቃ ላይ ናችሁ፤ እናንተ ስትወጡ እሳቸው ተኝተዋል። በየቀኑ እደውላለሁ ብሎ በየቀኑ ከመሳቀቅ አንድ የታወቀ ቀን መያዝ ይሻላል፤ ለምሳሌ እሁድ፣ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ቀጠሮ ስትሰጡም በኢትዮጵያ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ የሚለውን አስቀድማችሁ ለዩ፤ በዚህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ስንት የስብሰባና የስልክ ቀጠሮ ተበላሽቷል። በአረብ አገራት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ጊዜያችሁ በእጃችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ይህ ምክር ለእናንተ ብዙም አይሠራም። ለቤተሰቦቻችሁ ግን እናገራለሁ፤ ልጃችሁ ቶሎ ካልመለሰች አትቀየሟት፣ ብትደውልም የብሩን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ተኝታ እንደሆነ ጠይቋት።

በመጨረሻ ብዙዎቻችሁ የምታነሱትን ጥያቄ ልንካ። እኔ ባቅድስ፣ አለቃዬ ካፈረሰውስ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶች፣ ክፍያ ታስቦበት፣ በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ የሚሠራ ነው። ይህን በአዋጁ የምትተዳደሩ ሁሉ ማወቅ አለባችሁ። በየቀኑ ግን አዋጅ ይዞ ከአለቃ ጋር መከራከር አይቻልም። የሚሠራው የራስን መዝገብ ይዞ መነጋገር ነው። «ይህ ዓይነቱ ሪፖርት ባለፈው ወር ሦስት ቀን ወስዶብኛል። የደንበኞቹ ደብዳቤም ዛሬ ነው የሚፈለገው። የትኛውን ላስቀድም?» ብላችሁ ጠይቁ። አልችልም አላላችሁም፤ ምርጫውን ለሚመለከተው ሰው ነው የሰጣችሁት። አለቃውም እኮ እንደ እኛው ነው፤ ሪፖርቱን ሲያስብ ያለቀው ነው የሚታየው።

አለቆች የሆናችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ነገ ጠዋት ለአንድ ሠራተኛ ሥራ ስትሰጡ «መቼ ታደርስልኛለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ያለፈው ስንት ቀን ፈጀብህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ቀኑን አብራችሁ ወስኑ፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አዲስ ሥራ ይዛችሁ አትምጡ፤ በዚያ ሰዓት ሰልፍ የምትጠብቅ እናት አለች።